«እጅ ንሳ» የተባለችው እርከን

አብረውት የሠሩ ሁሉ «ውሃልክ» ይሉታል። አናጢና ግንበኛ ነገር መቃናቱን በሚያዩበት መሣሪያ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ጨዋታውን አቋርጦ ይነሳና ያቃናዋል። ሚስቱ በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ ብላለች።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ሠላሳ ዓመት ከሠራበት ሙያ አስነስተው፣ ግራጫ ሱሪ አልብሰው፣ አንገቱን በክራባት አንቀው ጠረጴዛ ኋላ ያስቀመጡት። ያስቀመጡት ደግሞ ባዳዎች አይደሉም፤ ሚስቱና ታናሽ ወንድሟ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ክፉ አስበው አልነበረም። ቀኝ ጉልበቱ አልቋል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ጉልበቱ የሚያሰማው ድምፅ ሚስቱን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። «ሰው በሃምሳ ዓመቱ ተንበርክኮ ይውላል እንዴ? አሁንስ ተቀምጠህ ብላ!» አለችው። እሱም እሺ አለ። አንጀቱ እሺ አላለም፤ አፉ ግን ብሏል።

አናጢ ሲባል አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። የሱ ሥራ የአርማታ ቅርጽ ነው። ዓምዱ፣ ጣሪያው፣ ደረጃው መጀመሪያ በጣውላ ይሠራል፤ አርማታው እዚያ ውስጥ ይፈሳል፤ ሲደርቅ ጣውላው ይነቀላል። ሕንፃው ቀለም ሲቀባና ወለሉ ሲነጠፍ እሱ ጣውላውን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ጀምሯል። በምረቃው ቀን መቀስ ይዞ ሪባን የሚቆርጠው በዕድሜው ሚስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱው ነው። ውሃልክ ከሠራቸው ሕንፃዎች ውስጥ አልቆ ያየው በጣት የሚቆጠር ነው።

ጣውላ ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ እግር ያወጣል፤ ዘወር ካልክ የለም። ስለዚህ አናጢ ሁሉ የራሱን ጣውላ የሚለይበት ምልክት አለው። የውሃልክ ምልክት ጣውላው ጫፍ ላይ በመጋዝ የተገዘገዙ ሦስት አጫጭር መስመሮች ናቸው። እነዚያ ባለ ሦስት መስመር ጣውላዎች አሁን ከቤቱ ጀርባ ተደግፈው ቆመዋል። ሚስቱ በየሳምንቱ «ወይ ሽጣቸው፣ ወይ ፍለጣቸው» ትላለች፤ እሱም በየሳምንቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

አዲሱ መሥሪያ ቤት የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ያው የሚስቱ ወንድም ነው። ውሃልክን በሦስት ወር ሙከራ ያስገባው፣ ከበላዮቹ ፊት ቆሞ «እንደሱ ያለ ባለሙያ አታገኙም» ብሎ አፉን ሞልቶ የመሰከረለት እሱ ነው። ሙከራው ዓርብ ያበቃል። ዓርብ የቋሚነት ደብዳቤው ይፈረማል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ያርፋል፣ ሚስቱም እንቅልፏን ትጠግባለች።

ማክሰኞ ጠዋት አማቹ ቀጭን ፋይል ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን ፈርምልኝ። ቀላል ናት።»

ፋይሉ የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ባልዲ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። «የአደጋው ምክንያት፦ የሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት። ደረጃው ምንም ችግር የለበትም» ይላል። ከታች «ያረጋገጠው ባለሙያ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ይህ ከተፈረመ ሴትየዋ ከሥራ ትሰናበታለች፤ እሱም ተጽፏል፣ በትንንሽ ፊደል።

«አይተኸዋል?» አለ ውሃልክ።

«ምኑን?»

«ደረጃውን ነዋ!»

«ፎቶ አለ እኮ ጋሼ። አራት ፎቶ።»

«ፎቶ በሜትር ይለካል?»

አማቹ ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለውም፤ ሕፃን ልጅ ሲያስቸግር የሚሳቀው ዓይነት ነው። «ጋሼ ሙት፣ አንተ እኮ አሁን አናጢ አይደለህም። ያንተ ሥራ መፈረም ነው። ስለ ሌላው ምን አገባህ?»

«ምን አገባህ» የምትለው ቃል ውሃልክን እንደ እሾህ ወጋችው። ከዚህ በፊት እንዲሁ አድርጋ የወጋችው ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣለትም። ኮቱን አንስቶ ወጣ። ኪሱ ውስጥ ሜትር ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሚስቱ እንኳ ሳታውቅ፣ ሜትር ይዞ ነው ቢሮ የሚውለው።

ጤና ጣቢያው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ መካከሉ ላይ ማረፊያ አለው፤ ከማረፊያው በላይ አሥራ ሁለት እርከን ይቀራል። ውሃልክ ሜትሩን ወዲያው አላወጣም። ፎቁ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ለጉልበቱ ሲል ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወጥቶ እዚያ ተቀመጠና ደረጃውን ፊት ለፊት ይመለከት ጀመር።

መጀመሪያ አንዲት ነርስ ካርድ ታቅፋ ወጣች። ከላይ ስትደርስ የጫማዋ ጫፍ የመጨረሻዋን እርከን መታ፤ ወደ ፊት ጎንበስ አለችና ቀና ብላ አለፈች። ቀጥሎ ሕፃን ትከሻው ላይ ያስተኛ ጎልማሳ መጣ። እዚያችው ላይ ጎንበስ። ሐኪሙ መጣ፤ ጎንበስ። አንዲት አሮጊት ብቻ ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለወጡ ተረፉ። ውሃልክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲሰናከል ቆጠረ። ከአሥራ ዘጠኙ አንድም የተገረመ የለም።

አጠገቡ የቆመው ዘበኛ ከት ብሎ ሳቀ። «አየሃት አይደል? እኛ ‹እጅ ንሳ› ነው የምንላት። እሷን እጅ ሳይነሳ የሚያልፍ የለም። ትልቅ ሰው ለጉብኝት መጥተው እንኳ እጅ ነስተዋታል፤ ያውም ካሜራ ፊት!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተከፈተ ጀምሮ። አሥራ አንድ ዓመት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲደፋ ቆማችሁ ትስቃላችሁ?»

ዘበኛው ሳቁን ዋጠ። «ምን እናድርግ ጌታዬ? ለምደናታል።»

ለምደናታል! ውሃልክ የነደደው እዚህ ላይ ነው። ሰው ደረጃ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ከረገጠ በኋላ ዓይኑ ሥራ ይፈታል፤ እግሩ ከፍታውን ይይዝና ቀሪውን በዚያው ልክ ይረግጣል። አንዷ እርከን ከእህቶቿ በሁለት ጣት ከበለጠች እግር ይታለላል። ይህን ማንም አናጢ ያውቃል። ታዲያ አታላዩ ደረጃ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛዋ ባልዲ የያዘችው ሴት ትሁን? ሁለት እጇ በሥራ የተያዘን ሴት ግድግዳ ይዘሽ አልወጣሽም ብሎ እንጀራዋን መንጠቅ ምን ይባላል? ያውም ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ በማኅተም!

ሜትሩን አወጣ። የመጀመሪያዋ እርከን አሥራ ስድስት ሳንቲም ነች። ሁለተኛዋ አሥራ ስድስት። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንደኛዋ ድረስ ሄደ፤ ሁሉም አሥራ ስድስት። የመጨረሻዋ ሃያ። ጉልበቱ እየጮኸ ተንበርክኮ ደገማት። ሃያ።

ምክንያቱ ለባለሙያ ግልጽ ነው። የደረጃው አርማታ የፈሰሰው ወለሉ ሳይነጠፍ ነው። በኋላ እርከኖቹ ላይ ስስ እብነ በረድ ተለጠፈ፤ የላይኛው ፎቅ ወለል ግን ወፍራም ሲሚንቶ ፈሶበት፣ በዚያ ላይ ሴራሚክ ተደርቦበት፣ ከእርከኖቹ በአራት ሳንቲም በልጦ ከፍ አለ። ቅርጹን የሠራው አናጢ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት «ላይ ምን ያህል ውፍረት ይነጠፋል?» ብሎ መጠየቅና ለዚያ የሚሆን ልክ መተው ነበረበት። ውሃልክ ሙያውን ያስተማረው ሰው መጀመሪያ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

«ይህን ያልጠየቀ አናጢ ነኝ ብሎ ሰው መሀል ይቆማል?» አለ ጮክ ብሎ። ሕሙማኑ ዞረው አዩት። «ማን ነው ለዚህ ደንቆሮ መጋዝ ያስያዘው? እጁን መያዝ ነበር!»

ከዚያ የደረጃውን ሥር ማየት እፈልጋለሁ አለ። ዘበኛው ከማረፊያው በታች ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ከፈተለት። መጥረጊያዎች፣ ባልዲ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ሽርጥ። «የሷ ነው» አለ ዘበኛው ሽርጡን እያሳየ። ክፍሏን የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ስለሚያያት ጣሪያዋን የለሰነው የለም። አርማታው ራቁቱን ነው፤ የጣውላው መስመር፣ የእንጨቱ ጉጥ ሳይቀር ታትሞበታል። ውሃልክ የስልኩን መብራት አብርቶ ቀና አለ።

ጣውላው ያለቀበት ቦታ ላይ ሦስት አጫጭር መስመሮች ነበሩ። መጋዙ በገዘገዘው በኩል አርማታ ገብቶ፣ ሦስት ጎበጥ ያሉ መስመሮች ሆኖ ደርቋል። በጣቱ ዳሰሳቸው። የሚቀጥለው ጣውላ ላይም አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ።

መብራቱን አጠፋ።

ያኔ ሁሉም መጣለት። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ሱቅ በሱቅ ስለሆነ ሲመጣ ሰፈሩን አላወቀውም። ሕንፃው ምን ሊሆን እንደታሰበም የነገረው አልነበረም። ጠይቆ ነበር እኮ! ጠይቋል! «ላይ ምን ያህል ይነጠፋል?» ሲለው ፎርማኑ ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት «አንተ እንጨትህን እሰር፤ ስለ ወለል ምን አገባህ?» አለው። ውሃልክ ውስጡ ጨሰ፤ ሆኖም መልስ አልሰጠም፤ አኮረፈ። «ይሁንላችሁ!» ብሎ ለወለሉ ውፍረት ልክ ሳይተው እርከኑን ሁሉ እኩል አካፍሎ መታው። እንደሚጣመም ልቡ እያወቀ መታው። በማግስቱ አርማታው ፈሰሰ። በሦስተኛው ሳምንት ጣውላውን ነቅሎ ሄደ፤ ተመልሶም አላየውም።

ቢሮ አልተመለሰም። የሴትየዋን ቤት ከዘበኛው ጠይቆ በቀጥታ ወደዚያ ሄደ። የምትኖረው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በጄሶ የታሸገ እግሯን ዱካ ላይ ዘርግታ፣ ትራስ ተደግፋ አገኛት። ክራባቱን ስታይ ፊቷ ተቀየረ።

«ደሞ ሌላ ወረቀት አመጣህ? ወለሉ እርጥብ ነበር ብላችሁ ጻፋችሁ አሉ። ባልዲው ባዶ ነበር! ባዶ ባልዲ ወለል ያርሳል?»

«ወረቀት አላመጣሁም እትዬ። ደረጃው ጠማማ ነው። የመጨረሻዋ እርከን በአራት ሳንቲም ትበልጣለች። ልነግርዎት የመጣሁት…» ክራባቱን አላላ። «የሠራኋት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ውሃልክ ስድብ ነበር የጠበቀው፤ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ስንት ጊዜ እንደተደናቀፍኩ ታውቃለህ? ከተከፈተ ቀን ጀምሮ እዚያ ነኝ። ሌላው አንድ ጊዜ ተሰናክሎ ያልፋል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ እግሬ የከዳኝ መስሎኝ ነበር፤ እዚያች ላይ ስደርስ ከፍ አድርጌ ማንሳት ሁሉ ለምጄ ነበር። አረጀች ብለው እንዳያባርሩኝ ለሰው ሳልናገር፣ ለልጆቼ እንኳ ሳልናገር ደብቄ ኖርኩ። ማታ ማታ እግሬን በቅባት እያሸሁ ‹ምነው፣ ምን በደልኩህ?› እለው ነበር። እግሬን! ምንም ያላጠፋ እግሬን!»

«አጥፍቻለሁ እትዬ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ጮኸች አሁን። «ለኔ ብትነግረኝ እኔ ምን ላድርግህ? ሂድና ለነሱ ንገራቸው!»

ዓርብ ጠዋት ውሃልክ በእጁ የጻፈውን ሁለት ገጽ አማቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የአሥራ ሁለቱም እርከኖች ልክ አንድ በአንድ ሰፍሯል። የስህተቱ ምክንያትና የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ተጽፈዋል። «ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም» የሚለው ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። አማቹ እያነበበ ሄደና ከታች ሲደርስ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ሁለት ፊርማ ምንድን ነው?»

«አንዱ የተቆጣጣሪው ነው። አንዱ የሠሪው።»

አማቹ እንደገና አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ አብደሃል? እሺ ደረጃው ስህተት አለው በል፤ እሱን እንኳ እንደምንም እንወጣዋለን። ሠራሁት ማለትን ምን አመጣው? ዕቃ ቤት ገብቶ ጣሪያ ላይ መስመር የሚቆጥር ማን አለ?»

«ሠሪው ካልታወቀማ ነገ ሌላ ባለ ክራባት ታስቀምጡና በአራት ፎቶ ‹ችግር የለበትም› ታስብሉታላችሁ። አሁን ሠሪው ራሱ አጥፍቻለሁ ብሎ ፈርሟል። ይህን በምን ልትሰርዙት ነው?»

«እና እኔ ዛሬ የቋሚነት ደብዳቤህን ይዤ የት ልግባ? የራሱን ጥፋት የሚቆጣጠር ተቆጣጣሪ ቀጠርክ ሲሉኝ ምን ልበል? እህቴንስ ምን ልበላት? ደግሞ ይሄ ሁሉ አንተን ምን አገባ…»

«እንዳትጨርሳት!» ውሃልክ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ብዕሩን አስቀመጠ። «ያቺን ቃል እንዳትጨርሳት! አንድ ጊዜ ተብዬ ዝም ብያለሁ። አኩርፌ አፌን ዘጋሁ፤ ሴትየዋ እግሯን ጄሶ ውስጥ ከታ ተኝታለች። አገባኝ! ያኔም አገባኝ ነበር! እንጨቱም የሚያገባኝ፣ ወለሉም የሚያገባኝ፣ የምትወጣበት ሴት ነገርም የሚያገባኝ ሰው ነኝ!»

ክራባቱን ፈትቶ ፋይሉ ላይ ጣለው። ሊወጣ ሲል ግን ተመለሰ። ከአማቹ ራስ በላይ የተሰቀለች፣ ሦስት ወር ሙሉ ዘመድ ላለማሳፈር ብሎ የታገሳት የተንጋደደች ፎቶ ነበረች። እሷን አቃንቶ ሄደ።

ሚስቱ ስትሰማ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ጉልበትህስ? ሴትየዋ አሳዘነችህ፣ እሺ። እኔስ አላሳዝንህም? ነገ ሳትንቀሳቀስ ስትቀር የምሸከምህ እኔ አይደለሁም?» እውነቷን ነው። ከዚያ በኋላ አላነጋገረችውም። ወንድሟም እግሩን ከቤታቸው አነሳ።

ባለ ሁለት ፊርማው ወረቀት ግን ሥራውን ሠራ። አንዴ መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ሊደብቀው የደፈረ አልተገኘም። ሴትየዋ ስትድን ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተወሰነ፤ ደረጃውም ይታደስ ተባለ። እድሳቱን የያዘው ሥራ ተቋራጭ ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈልግ ውሃልክ በራሱ እግር ሄዶ ቀረበ። በሚጀምርበት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ጣውላውን ሊያወጣ ሲሄድ አንድ ነገር በሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘ። የቢሮው ግራጫ ሱሪ ነው፤ እግሮቹ ተቆርጠዋል፤ ስፖንጅ ተጠቅጥቆባቸው፣ ማሰሪያ ተሰፍቶላቸው፣ ሁለት የጉልበት መከለያ ሆነዋል።

«ሌላ ጥቅም የለውም ብዬ ነው» አለች ሚስቱ፣ ከልብስ አጠባዋ ቀና ሳትል።

እብነ በረዱን ሁሉ አነሳ። ከታችኛዋ እርከን ጀምሮ በየእርከኑ ሦስት ሚሊ ከሲሶ እየጨመረ፣ አራቱን ሳንቲም ለአሥራ ሁለቱም አከፋፈላቸው። እያንዳንዷን በሜትር ለካት፤ በውሃልክ ለካት፤ አላመናትም፣ እንደገና ለካት። ሲጨርስ ብርጭቆ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ለዘበኛው ሰጠና ውጣ አለው። ዘበኛው ወጣ፤ ያረጠበው ጣቱን ብቻ ነው።

ሴትየዋ በሦስተኛው ወር በዱላ እየተደገፈች መጣች። ውሃልክ ቀኗን ጠይቆ ስለነበር ከማረፊያው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሰላም አላለችውም። ዱላዋን አስያዘችው፣ ግድግዳውን ሳትይዝ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መውጣት ጀመረች። እሱ ከኋላዋ እየተከተለ በልቡ ይቆጥራል። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ።

መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ እግሯ አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደው ከፍ ብሎ ተነሳ። የጠበቀው እርከን እዚያ አልነበረም። አየር ረግጣ በኃይል ወረደችና ተንገዳገደች፤ ውሃልክ ክንዷን ባይዛት ወደ ኋላ ትሄድ ነበር።

ዞር ብላ በንዴት አፈጠጠችበት። «ይኸውና! አቃናሁት ብለህ አልነበር?»

«ተቃንቷል እትዬ። እግርዎ ነው ጠማማውን የለመደው።»

«እሱንስ ማን ነው የሚያቃናልኝ?»

ክንዷን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ ማረፊያው አወረዳትና «እንደገና እንውጣ» አላት። ወጡ፤ እግሯ አሁንም አየር ረገጠ። ወረዱ። ሦስተኛ ወጡ፤ አሁንም። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ የሚስቅ ግን የለም። ጉልበቱ ይጮኻል፤ እሷ ትራገማለች፤ ፎርማኑን፣ ቢሮውን፣ እሱን፣ ጣውላውን፣ ማንንም አላስቀረችም። በሰባተኛው ጉዞ ላይ እሱ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። «አሥር… አሥራ አንድ…»

«ዝም በል!» አለችው፤ ዱላዋን ከእጁ ነጠቀችውና እንደገና ከታች ልትጀምር ብቻዋን ወደ ማረፊያው መውረድ ጀመረች። «እኔ ራሴ እቆጥራለሁ።»